የእናት ስም የሚለው ሳጥን

የካርድ ክፍሉን ኮምፒውተር ኃላፊው ቢሮ ካለው ዋና ማሽን ጋር ለማገናኘት ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ስድስቱንም ቀን ኃላፊው ደጄ ላይ እየቆመ "አሁንስ?" ይለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያችን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔ ካርድ አውጪ ነኝ። የካርድ መፈለጊያውን ፕሮግራም የጻፍኩት ማንም አዝዞኝ አይደለም። ገበሬ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ሲመጣ "ካርድህ ጠፍቷል" ማለት ስላስጠላኝ ነው። ኃላፊው ግን "ካርድ አውጪ ካርድ ታውጣ" ባይ ነበር። እስከ ሰኞ ካልሠራ ፕሮግራሙን አጥፍተን ወደ መደርደሪያው እንመለሳለን አለኝ።

እልህ ያዘኝ። ስክሪኑ "ግንኙነት አልተሳካም" ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም። የተጠቃሚ ስሙን አየሁ፣ የይለፍ ቃሉን አየሁ፣ ገመዱን ቀየርኩ። ለካ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የዋናው ማሽን አድራሻ ይቀየራል፤ የኔ ፕሮግራም የለቀቁትን ቤት ያንኳኳል! አድራሻው እንዳይቀየር አድርጌ አሰርኩትና ተገናኘ። ብቻዬን እልል አልኩ።

ሰኞ ኃላፊው ሊፈትነኝ፣ ካርዳቸው የጠፋባቸውን አንድ ሽማግሌ የዜማ መምህር ይዞ መጣ። ስማቸውን ከነአባታቸው ሳስገባ ሞክሼያቸው በዛ። ፕሮግራሜ ውስጥ እንዳለ ያስገባሁት ፎርም ከበላይ ቢሮ የወረደ ነው፤ ሞክሼ ለመለየት የእናት ስም ይጠይቃል፣ ሳጥኑ ካልተሞላም ሰው አይመዘግብም።

"የኔታ፣ የእናትዎ ስም ማን ነው?"

ፈጠን ብለው አንድ ስም ነገሩኝ። ብፈልግ የለም።

"ይኸው!" አለ ኃላፊው። "ተገናኘ ያልሽው ከማን ጋር ነው?"

ደሜ ፈላ። ግንኙነቱ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ አገር ስምህን ከነእናትህ ስም ያገኘ ሰው ኮከብህን ያስቆጥራል፣ መተት ያሠራብሃል ይባላል። የኔም እናት "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሳጥኑ ግዴታ ሲሆንበት ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ስም ይሰጣል።

"የኔታ፣ እውነተኛውን አልጠይቅዎትም። መጀመሪያ ካርድ ሲያወጡ የነገሩን ውሸት የቱ ነበር?"

ሳቃቸው አመለጣቸው። "ኧረ ልጄ፣ ውሸትን ማን በቃሉ ይይዛል? ዜማ ነው እንዴ!"

"እሺ፣ ያን ጊዜ ምን ሆነው ነበር የመጡት?"

"ክንዴን ተሰብሬ። ባለፈው የነአኩቶ ለአብ በዓል ማግስት ነው።"

የታካሚው ስም በአንድ ሰንጠረዥ፣ የታከመበት ቀንና ሕመሙ በሌላ ሰንጠረዥ ነው የሚቀመጡት፤ ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው የካርድ ቁጥሩ ነው። በፊት በር ካልተከፈተልኝ በጓዳ እገባለሁ ብዬ ከሕመሙ ጀመርኩ። ቀኑን ጻፍኩ፣ የክንድ ስብራት ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቁጥር ብቻ ወጣ፤ ቁጥሩ የየኔታን ስም ይዞ መጣ። ከሥሩ "ፔኒሲሊን አይስማማቸውም" ይላል። አሁን የመጡት ጉሮሯቸውን ታመው ነበርና የፔኒሲሊን መርፌ ሳይታዘዝ ደረስን።

"ይህን ሳጥን አነሳዋለሁ" አልኩ።

"ከላይ የመጣ ፎርም አይነካም" አለ ኃላፊው።

"እኔ እነካዋለሁ።" ኃላፊው ወባ ይዞት የተመዘገበ ጊዜ የወጣለትን የራሱን ካርድ ከፈትኩና ስክሪኑን ወደ እሱ ብቻ አዞርኩት። "የእናትዎ ስም ይህ ነው?"

ኃላፊው የገነተ ማርያም ቄስ ልጅ ነው፤ መተት እፈራለሁ ማለት ያሳፍረዋል። ስክሪኑን አየ፤ ቀና ብሎ የኔታን አየ። ጆሮው ቀላ።

"ዝጊው" አለኝ።

ዘጋሁት። ሳጥኑንም እሱ እዚያው እንደቆመ ከፎርሙ አነሳሁት። አልከለከለኝም፤ ፕሮግራሙን ስለማጥፋትም ዳግም አላነሳም።

እንዴት ደፈርሽ ይሉኛል። የሰንጠረዡን የመጀመሪያ መስመር ስለማውቀው ነው። ፕሮግራሙን ስሞክር መጀመሪያ የመዘገብኩት ራሴን ነበር። የእናት ስም በሚለው ሥር የጻፍኳትን ሴትዮ እስከ ዛሬ አላውቃትም።