ለእንግዳ የተቆለፈው ሽንት ቤት

ባለፈው ሰሞን ሰቆጣ እህቴ ቤት ሄጄ፣ ልጇ ከምድጃ የዛቀችውን አመድ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ስትበትን ያ ደረቅ የአመድ ሽታ አፍንጫዬን ሲኮረኩረው ሳቄ አመለጠኝ። እትዬ ደብሬ ትዝ ብላኝ ነው።

እትዬ ደብሬ ደሃና ወረዳ ሳለን ጎረቤታችን ነበረች፤ ጠላ ሻጭ። ልብሷ ጌሾ ጌሾ ይሸታል፣ ቢጫ ጀሪካኗ ከጀርባዋ አይወርድም። የጠላዋ ውሃ ከቤታችን ቁልቁል ካለችው ምንጭ ነው። ምንጯ ከተበላሸች የእሷም ጓዳ ተዘጋ ማለት ነበር።

አባቴ የቀበሌያችንን የጤና ባለሙያ ምክር ሰምቶ፣ ከምንጯ አርቆ፣ ቆርቆሮ ክዳንና ሰማያዊ በር ያለው ሽንት ቤት ሠራ። አቤት ማማሩ! ከማማሩ የተነሳ ሳሳለትና ጓጉንቸር ገዝቶ ቆለፈው። «ይሄ ለእንግዳ ነው» አለን። እኛማ እንደ ወትሯችን ከምንጯ በላይ ወዳለው ፈፋ! ክረምት ሲገባ ጎርፉ የፈፋውን ጉድ ሁሉ ጠራርጎ ምንጯ ላይ ደፋው። የእትዬ ደብሬ ጠላ ሽታው ተለወጠ፤ ጠጪዎቿም አንድ በአንድ ቀሩ።

ሌላ ሴት ብትሆን ትጣላ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

«አያ መንገሻ፣ እንግዳ ነኝ። ቁልፉን።»

«የምን እንግዳ? ጎረቤት አይደለሽ እንዴ!»

«ጎረቤትማ ብሆን ፈፋህን ታጠጣኝ ነበር?»

አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተላት። ከሰዓት ደግማ መጣች። በማግስቱ ገና ያልከዷትን ጥቂት ጠጪዎች አስከትላ፣ «እነዚህም እንግዶች ናቸው» አለች። አንዱ ሽማግሌ ከውስጥ ሆነው፣ «መንገሻ፣ ቤቱስ ደህና ነው፤ አታከራየኝም?» ብለው ሲጮኹ እናቴ በሳቅ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አባቴ ከእርሻው እየተጠራ በር መክፈት ሰለቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ የሽንት ቤት ዘበኛ አደረግሽኝ!» ብሎ ጓጉንቸሩን ነቅሎ ሰጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆንን፤ ፈፋውን ረሳነው። እሷም ከምድጃዋ አመድ እያመጣች እንዴት እንደሚበተን አሳየችን። በሌላው ክረምት ምንጯ ጠርታ ወረደች፤ የጠጪዎቿ ጫጫታም እስከ ቤታችን ይሰማ ጀመር።

እትዬ ደብሬ ካረፈች ቆየች። እንግዳ ነኝ እያለች ስትመላለስ ከደጇ እስከ ጓሯችን ያወጣቻት ቀጭን መንገድ ግን እስካሁን ሣር አልበቀለባትም። ሴቶቹ ከምንጯ ቀድተው ሲመለሱ በዚያችው መንገድ ነው የሚያቋርጡት።