ፊደል መቁጠር ሥራ ነው ወይ?

የልጄ ሚስት ልጆቿን ቤት ውስጥ ማስተማር ከጀመረች ሰነበተች። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ልጆቹ መንገድ ለመንገድ ከሚውሉ ብላ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፋ፣ ሰኞን ለሒሳብ፣ ማክሰኞን ለአማርኛ፣ ረቡዕን ለሳይንስ እያለች ሳምንቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ መድባዋለች። እኔም ጎንደር እነሱ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ጋቢዬን ተከናንቤ ጥጌን ይዤ እሰማለሁ። ማንበቡ ብዙም አልሆነልኝም። ፊደል የቆጠርኩት በአንድ ሳምንት ነው፤ በዚያች ሳምንት ያመለጠኝ እንዳመለጠኝ ቀረ።

ያደግሁት ወገራ ነው፣ ገብስና ባቄላ አገር። ነገሩ የሆነው እኔ እርፍ ከጨበጥኩ፣ ለትዳርም ከታሰብኩ በኋላ ነው። ታናሽ እህቴ ይታይሽ ጎንደር አክስታችን ዘንድ ሆና ትማር ነበርና ክረምት ሲገባ ወደኛ መጣች። አባቴ ግን ቆርጦ ነበር፤ መስከረም ቢጠባም አትመለስም።

«ትምህርት የሥራ ፈት ነው» አላት። «ቁጭ ብሎ መዋል! እዚህ የእናትሽ ወገብ ተቆርጧል።»

እሷም ደረቅ ናት፤ የማን ልጅ ሆና! ሐምሌ ገብርኤልን ጠበቀች።

በኛ አገር በዓል ቀልድ አይደለም። በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ ያረሰ፣ አረም የነቀለ ሰው በረዶ ያስመጣል ይባላል። በረዶው ደግሞ የጥፋተኛውን ማሳ ለይቶ አይመታም፤ ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ሦስቱ በዓላት ከቅዳሜና ከእሑድ ጋር ተያያዙ። በመካከል የነበረችውን ዓርብም ዝናብ በላት። ቤተሰቡ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«አባየ፣ ትምህርት ሥራ አይደለም ብለሃል» አለችው ይታይሽ። «እንግዲያው በበዓል ይፈቀዳል።»

አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ከኛ ጋር ለመማር ጠጋ አለ።

በገብርኤል ፊደል አስቆጠረችን፤ አባቴን፣ እናቴን፣ እኔን። በከሰል ሳንቃ ላይ ስታስጽፈን አባቴ ከሰሉን እንደ እርፍ እየጨበጠ ሰባበረው። ዓርብ በባቄላ ቆሎ መደመርና መቀነስ ሆነ፤ እናቴ መቀነሱን በጥርሷ ቶሎ ተማረችው። ቅዳሜ፣ በማርያም ዕለት፣ አመድ መሬት ላይ በትና አገራችንን በጣቷ ሣለች።

«የኛ ማሳ የቱ ጋ ነው?» አለ አባቴ።

«አይታይም አባየ። ጎንደር ራሷ ይችን ታክላለች።»

«የኔን ማሳ ያልያዘ ምን አገር ይባላል!» ብሎ ከጎንደር አጠገብ በአውራ ጣቱ ትልቅ ጉድጓድ አበጀ።

እሑድ ውኃ አፍልቶ ስለ መጠጣት ነገረችን፤ ያንን አባቴ ከነጭራሹ አልሰማም። በጊዮርጊስ ዕለት ግን ማንም ሳይጠራው ሳንቃውን ይዞ ደጃፍ ተቀመጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እናቴ ያቀረበችለት ድንች በረደ። ጎረቤታችን አያ መኳንንት በዚያ ሲያልፉ አይተውት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። የኛንም የጎረቤትንም ገብስ አስተኛው።

በማግስቱ አያ መኳንንት ሰዉን አስከትለው፣ የነፍስ አባታችንን ይዘው መጡ። «በጊዮርጊስ ሲሠራ በዓይኔ አይቸዋለሁ! ላቡ ሲንቆረቆር!»

ቄሱ ነገር ማክረር አይወዱም። «ምነው ታከለ? ልጅህ ታጫውትህ ነበር አሉ። ጨዋታ ከሆነ ምንም የለበትም። ጨዋታ ነው በለንና እንሂድ።»

ይታይሽ ከኋላው ሆና ጋቢውን ጎተተችው። «በል እንጂ አባየ!» ጨዋታ ነው ካለ እሱ ይተርፋል፤ የሷ መስከረም ግን ያን ጊዜ አለቀ። ይህን እያወቀች ነው የጎተተችው።

አባቴ የተኛውን ገብስ አየ።

«ሥራ ነው» አለ።

«ኧረ ታከለ!» አሉ ቄሱ።

«ሥራ ነው አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አርሻለሁ፤ እንደ ትናንት ደክሞኝ አያውቅም። ቅጣቴን ስጡኝ።»

ስግደት ተሰጠው፤ ለመንደሩም ሙክት አረደ። አያ መኳንንት ጎድኑን እየጋጡ «ሸጋ ሥራ ነው! በየወሩ ሥራልን እንጂ ታከለ!» ብለው ቀለዱበት፤ እሱም ሳቀ። ስለ ይታይሽ መመለስ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጳጉሜ ሲገባ አህያውን ጫነና «ምን ትጠብቂያለሽ? ሥራሽን ፈትተሽ እዚህ ልትከርሚ ነው?» አላት።

የመንደሩ ሰው ልጅቱ ረታችው ይላል። እኔ አይመስለኝም። አባቴን ክርክር አይረታውም፤ እኔንም አይረታኝ። የደከመበትን ነገር አልደከመኝም ማለት ግን አልሆነለትም።

ትናንት ማታ ልጄ ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ አገኛት። «ቤት ውለሽ ምን አደከመሽ?» አላት። ከእሷ ቀድሜ እኔ መለስኩለት።

«ነገ ቅዳሜ ነው፣ አንተ አስተምራቸው» አልኩት። «ማታ እንጠያየቃለን።»