የእማማ ብርቄ ሙሾ

እማማ ብርቄ አልቃሽ ናቸው። ነበሩ ብል ይቆጡኛል፣ ስለዚህ ናቸው። ከቁስቋም እስከ አዲሱ ገበያ ድንኳን በተጣለበት ሁሉ እየተጠሩ፣ የሟቹን ደግነት በግጥም እያወረዱ፣ ዓይኑ ደረቅ የተባለውን ሁሉ ሲያስለቅሱ የኖሩ ሴት ናቸው። እኔ ሄርሜላ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይ ነኝ፤ ግን ከልጅ ለይተውኝ አያውቁም።

ዛሬ የሚጠራቸው የለም። ድንኳን ውስጥ ስፒከር ይገተራል፤ ለቀስተኛውም ስልኩን እየነካካ ንፍሮውን ቆርጥሞ ይሄዳል። አንድ ቀን "ሄርሜላ፣ እኔ ለሁሉ አለቀስኩ፤ ለእኔስ ማን ያለቅሳል?" አሉኝ። ያስጨነቃቸው ሞቱ አይደለም፣ ሙሾ ሳይወርድላቸው መቀበሩ ነው። የሰማ ይልመደው ብለን ቲክቶክ ከፈትን።

ኧረ ማን ሊያይ! መቶ ሰው ካየን ትልቅ ነገር ነው። ከሚያየውም ግማሹ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ዓይነት ሟርት ነው ብሎ ጽፎ ያልፋል። ሟርት! የገዛ እናቱ ስትሞት ግን እማማ ብርቄን ጥሩልኝ ሲል የነበረ ነው። በጣም እልህ ያዘኝ።

አዲሱ ገበያ ስልክ የሚጠግነውን ማቲን አማከርኩት፤ የእሱ ቪዲዮዎች ጥሩ ይታያሉ። ሰው ገና ሲጀምር ካልተያዘ ያልፋል አለኝ፤ መግቢያውን ቆረጥኩ። እማማ ብርቄ ይህን አይተው፣ ሟቹን ሳታስተዋውቂ ማንን ልታስለቅሺ ነው አሉኝ። ሰዓት ቀይሬ ማታ ለጠፍኩ፤ ያው ነው። ከሥሩ የሰሞኑን ጭፈራ ከተትኩበት፤ ተመልካቹ ትንሽ ጨመረ፣ ግን እየሳቀ ነበር። እሳቸው፣ ለቅሶ ነው ሠርግ፣ አጥፊው ብለው ጮኹብኝ። አጠፋሁት።

በመጨረሻ ማቲ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የሚሄደው የሞት ዜና ነው፤ አንድ ታዋቂ ሰው ሞተ ብላችሁ ልቀቁት። ለእማማ ብርቄ ስነግራቸው ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

"የሰው ልጅ በሐሰት አልገድልም። ሰው መሞት ካለበት እኔው አለሁ። ቅረጪ።"

ደረታቸውን እየመቱ አወረዱት፦

ብርቅነሽ አረፈች ብላችሁ ንገሩ፣
አልቃሽ የሌለበት ጸጥ ይበል መንደሩ።

እንዳለ ለጠፍኩት።

በማግሥቱ በሩ ተበረገደ። ለካ ቪዲዮው ሰፈሩን አዳርሶ፣ ሰው እውነት መስሎት ኖሯል። ጥቁር የለበሱ የእድር ሴቶች፣ ጎረቤታችን እትዬ ቡርቱካን ከፊት ሆና፣ ዋይ ዋይ እያሉ ገቡ። እማማ ብርቄን ደጃፋቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኟቸው። እትዬ ቡርቱካን እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ወረደችባቸው፤ በሞት ይቀለዳል ወይ፣ እግዜርን አይፈሩም ወይ አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

እማማ ብርቄ ንቅንቅ አላሉም።

"መጥታችኋል፣ ለብሳችኋል። በሉ አልቅሱልኝ፤ በጆሮዬ ልስማ።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ሁሉ ዘመን እሳቸው ሲያወርዱ ተቀበሉ እንጂ አንድም ቀን አውርደው አያውቁም። እትዬ ቡርቱካን ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ከየት አባቷ ታምጣ፣ አንገቷን ደፋች። የእማማ ብርቄ ፊት ሲጠቁር ሳይ አላስችል ብሎኝ ተነሳሁና ደረቴን መታሁ፦

እማማ ብርቅነሽ የግቢው አዱኛ፣
ማን ይቆጣኝ ይሆን አምሽቼ ስመጣ።

"ቤት አልመታም" አሉ እማማ ብርቄ። "'አርፍጄ ስተኛ' በይ፤ እውነቱም እሱ ነው። ድገሚው። እናንተም ተቀበሏት።"

ደገምኩት። እትዬ ቡርቱካን ቀድማ ተቀበለችኝ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እማማ ብርቄ ጎመኑን አስቀመጡና፣ በገዛ ለቅሷቸው ላይ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።