አባቴን ልወስድ ወደ መካነ ሰላም

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። የጉዞዬ ምክንያት አንድ ነበር፤ አባቴን ከመካነ ሰላም አጠገብ ካለው ቀያችን አውጥቼ ከተማ ላኖራቸው። በኳስ ምክንያት ናይሮቢን፣ ካምፓላንና ካይሮን ዞሬ አሁን ካርቱም ለአንድ ቡድን በቀኝ ክንፍ እጫወታለሁ። እናቴ በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ ስትሞት ካይሮ ነበርኩ፤ መርዶዋ የደረሰኝ ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳ በገባሁ ቁጥር አንድ ነገር ያምረኛል፤ አባቴ ከተመልካቹ መሃል ቁጭ ብለው እንዲያዩኝ። አንድም ቀን ስጫወት አይተውኝ አያውቁም። አዲስ አበባ ከገቡልኝ ለጨዋታዬ ካርቱም ልወስዳቸው አስቤ ነበር።

ደሴ፣ ጠዋት

አምስት ሳንቲም የነበረው ዳቦ አሥር ሳንቲም ገብቷል። ሁለት ገዝቼ ወደ ወረኢሉ እህል በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ኳስ ተጫዋች መሆኔን ሲሰማ፣

«ለእሱም ደሞዝ ይከፍላሉ?» አለኝ።

«ይከፍላሉ።»

«የካርቱም ሰው ሥራ ፈትቷል በለኛ!» ብሎ ጉጉፍቱ እስክንደርስ ሳቀብኝ። ጉጉፍቱ ላይ ግን ብርዱ የእሱንም አፍ አዘጋው።

ከወረኢሉ ወዲያ በእግር ሄድኩ። ገብሱ ዘንድሮ ይዟል፤ ነዶው በየአውድማው ተከምሯል። ከክምሩ አጠገብ ግን ጣሪያቸው የወረደ ቤቶች አሉ። ባለቤቶቻቸው ምግብ ፍለጋ እንደወጡ አልተመለሱም። በልጅነቴ ውሃ ያጠጡኝን ሰዎች ቤት ፈልጌ ግድግዳውን ብቻ አገኘሁና ቆሜ አለቀስኩ።

ከላላ፣ የገበያ ቀን

ከላላ ገበያው ሞቅ ብሏል። ዘማች ተማሪዎች ገበሬውን ሰብስበው ስለ መሬት አዋጁ ያስረዳሉ። በቅሎ የሚያከራዩ አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ አገኘሁና ዋጋ ከመስማማታችን በፊት ዘሬን ጠየቁኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአያ ይመር።»

«የጥንግ መቺው? ወላሂ፣ አባትህ ስንቱን ባላባት በግጥም አሳብደውታል! እኔ እስላሙ እንኳ ለገና እሳቸውን ልሰማ እሄድ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከክፉው ቀን ወዲህ ግን ገና የሚባል ጨዋታ የለም። የቀያችሁ ሰዎች ዘንድሮ እንሞክር ብለዋል። አባትህም እናትህ ከሞተች ወዲህ ከቤት አይወጡም፣ አይስቁም። አብሽር፣ አንተን ሲያዩ ይሻላቸዋል።»

በቅሎዋን ተከራይቼ ከአያ ሰይድ ጋር ቀያችን የደረስነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ትከሻዬን ሳሙኝ፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩኝ። የገብስ ቂጣና ሽሮ ቀረበልኝ። ሳልጨርስ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«አባባ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቻለሁ። አብረን እንሂድ።»

«እስቲ በዓሉን ዋል» አሉኝ።

ገና

እንደ አገራችን ልማድ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሜዳው ላይ ተፋጠጡ። የገና ጨዋታ ለማያውቅ ሰው፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ጥንግ የምትባለውን የእንጨት ኳስ እየመቱ ወደ ተጋጣሚ ሰፈር ማሻገር ነው። ትልቁ ነገር ግን ስድቡ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና ጭሰኛው በዓመት አንድ ቀን ባላባቱን ፊት ለፊት በግጥም ይሰድበዋል፤ ባላባቱም ስቆ ይውጠዋል።

ዘንድሮ ባላባቱ የለም። መሬቱ ለአራሹ ሲታወጅ ደሴ ገብቷል። ተሰዳቢ በመጥፋቱ ሰዉ ምን እንደሚል ጨንቆት ዝም ብሎ ይጫወታል። የእኛ የታች ሰፈር ወገንም ሰው ጎድሎታል፤ ብዙዎቹ ሞተዋል። «ግባ እንጂ!» ተባልኩና ዱላ ጨበጥኩ። አባቴን ጎረቤቶች ደግፈው አምጥተው ዳር ላይ አስቀምጠዋቸዋል። እኔን ግን አያዩም፤ መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት።

ጥንጓ እየበረረች መጣችልኝ። እጄ ዱላውን ሳያነሳ እግሬ ቀደመ። ካይሮ ቢሆን ሕዝቡ ብድግ የሚልለት ምት ነበር፤ ከሁሉም መሃል አልፋ ሄደች። ሜዳው ቀጥ አለ። በእኛ አገር ጥንግን በእግር መምታት ነውር መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

«በእግር! በእግሩ መታ!» ብለው ጮኹብኝ። በዚያ ጩኸት መሃል አባቴ ጋቢያቸውን ጥለው ተነሡ።

«ካርቱም ያለው ልጄ ምን ተምሮ መጣ፣
እጁ ሳለ በእግሩ ጥንጓን የሚቀጣ!»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ሁሉም ተቀበላቸውና ደጋገመው። ከዚያማ አፉ የተፈታ ሁሉ መጣብኝ፤ ጫማዬ ተሰደበ፣ ጎፈሬዬ ተሰደበ፣ አለማግባቴ ሳይቀር ተገጠመበት። አባቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማግስቱን አብረን ወደ ማሳቸው ወረድን።

«ካርቱም ላይ ስትሳሳት ምን ይሉሃል?» አሉኝ።

«ያፏጩብኛል። ጎል ሳገባ ያጨበጭባሉ።»

«የአባትህን ስም ጠርቶ የሚሰድብህስ?»

«የለም፣ አባባ።»

«ታዲያ እኔን አዲስ አበባ ወስደህ ማን ይስደበኝ?» ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑ። «ዕድሜዬን የሰው መሬት አረስኩ። ይኼ የእኔ ከሆነ ዓመት አልሞላውም። እናትህም እዚሁ ናት። አልመጣም፣ ልጄ።»

ብዙ ለመንኳቸው። እስከ መንገዱ ሸኝተውኝ፣ በቅሎዋ ላይ ከወጣሁ በኋላ፣

«ለከርሞ ገና ግን ና» አሉ። «ታች ሰፈር ሰው ጎድሎታል።»

አዲስ አበባ

የተከራየሁት ቤት ገባሁ። ለእሳቸው ያነጠፍኩት አልጋ እንደተነጠፈ ነው። እሱ ላይ ተቀምጬ ናፍቆቴን አስታመምኩ። አባቴን ወደ እኔ ላመጣ ሄጄ ነበር፤ ጉዞው ያስተማረኝ ግን መሄድ ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ነው።

ውሌን አሳድሶ ወደ ካርቱም ሊወስደኝ የቡድኑ ሰው በሳምንቱ መጣ። በሁሉም ተስማማሁና አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ በገና ሳምንት አልሰለፍም።

«በዓል ልታከብር ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «ጨዋታ አለብኝ።»