በሰባራው ድልድይ ገመድ ላይ

ሞጣ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከዓባይ ማዶ ያለችው እህቴ ሴት ልጇን ክርስትና ልታስነሣ ሆነ። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። በመኪና በባሕር ዳር ብዞር እንደማልደርስ ሳውቅ፣ ሻንጣዬን አዝዬ በእግሬ ወደ በረሃው ወረድኩ። ድንጋዩ ጫማዬን አልፎ ይፋጃል። ውኃዬ ገና መንገድ ላይ አለቀ። መመለስን ግን አላሰብኩም።

ከወንዙ ስደርስ የድልድዩ መካከል ፈርሷል። ወዲህና ወዲያ የቆሙ ሰዎች መንገደኛውን ወገቡን አስረው በገመድ ያሻግራሉ።

«እሰሩኝ» አልኩ።

አጋማሹ ላይ ተንጠልጥዬ ሳለሁ መጎተታቸውን አቆሙ። ከማዶ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ የክርስትና ስምሽ ማነው?» ብለው ጮኹ።

«ወለተ ማርያም! ምነው አባቴ፣ ምን ሆነ?»

«ምንም! ብቻ ወደ ታች አትመልከቺ!»

ጥርሴን ነክሼ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደ ምንም ጎትተው አወጡኝ። ገመዱን ከወገቤ እየፈታሁ፣ «ስሜን ለምን ፈለጉት?» አልኳቸው።

«ገመዱ አዲስ ነው። ካንቺ በፊት የሞከርነው በፍየል ነበር።»

«ፍየሏስ ተሻገረች?»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «አንቺ ተሻግረሽ የለም እንዴ?» አሉኝ።