ሰባት ጊዜ አባታችን ሆይ

ትናንት ጠዋት አቧራውን ልጠርግ ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የልጄን አሮጌ ሄልሜት አወረድኩት። ገልበጥ ሳደርገው ከውስጡ፣ ከስፖንጁ ሥር፣ ጭብጥ የማይሞላ አሸዋ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። የደቻቱ አሸዋ ነው፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ። አፍንጫዬን ወደ ውስጥ አስገባሁ። የፀጉሯ ሽታ ጠፍቷል፤ የቤንዚኑ ግን አለ። ምን ልበልሽ፣ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ልቤ እንደዚያን ጊዜዋ ድው ድው ማለት ጀመረች።

ልጄ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ የጂንስ ሱሪ ትሰፋ ነበር፤ ሱሪ ስልሽ ሙሉውን አይደለም፣ ኪሱን ብቻ። ማታ ስትመጣ ጣቶቿ ሰማያዊ ናቸው። እኔ ደግሞ ቤቴ ደጃፍ ላይ የባጃጅ ወንበር ልብስ እሰፋለሁ፤ ዛሬም ሥራዬ እሱ ነው። ደሞዟ የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ልብስ አትገዛ፣ ፀጉር አትሠራ። አንድ ቀን ጭራሽ ስልኳን ሸጣ መጣች።

"ምን ልታደርጊበት?" አልኳት።

"ሄልሜት ገዛሁበት።"

"የምን ሄልሜት?"

ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰማያዊ ጣቶቿን መታጠብ ጀመረች።

እሑድ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ ተከተልኳት። ደቻቱ ወረደች። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማችንን ድሬን ለሁለት ከፍሎ የተኛ ሰፊ አሸዋ። ውሃው ሲመጣ ግን ሳይናገር ነው። እኛ ላይ ፀሐይ ወጥቶ፣ ላይ ተራራው ጋ ዘንቦ ይመጣል። የድሬ እናት ልጇን "ደቻቱ እንዳትወርጂ" እያለች ነው የምታሳድገው። እኔም ብዬ ነበር። የኔዋ ግን ወርዳ ሞተር ላይ ወጥታለች!

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የድልድዩ ሥር ያገሳል፣ እርግቦቹ ግር ብለው ይነሳሉ፣ አሸዋው ከኋላዋ እንደ ጭስ ይቆማል። ዳር ላይ መካኒኩ ቆሟል። ጎረቤታችን ነው፤ ዕድሜውን ባቡር ጋራዥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ እኛ አገር ግን አንቱ ብሎ ነገር የለም።

"አንተ ሽማግሌ፣ ልጄን ልትገድላት ነው?"

"አቦ፣ አትጩሂ! እኔ ምን አደረግኩ? ሞተሩን ከቁርጥራጭ የገጠመችው ራሷ ናት። አንድ ወር ጎማ፣ አንድ ወር ካርቡረተር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ ብሎን ነው ያቀበልኳት። ይልቅ እያት፣ እያት!"

ማየት አልቻልኩም። አባቷ የቦቴ ሹፌር ነበር፤ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የቀረው። ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይ ማለት ጀመርኩ። ስጨርስ እንደገና። ስጨርስ እንደገና። ማዶ አሸዋው ላይ ያቆሙትን በርሜል ሦስት ጊዜ ዞራ ድልድዩ ሥር እስክትቆም ድረስ።

ሄልሜቷን አወለቀች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየው። ስለተከተልኳት ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

"እማ፣ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ስንት ጊዜ ደገምሽው?" አለችኝ።

"ሰባት ጊዜ! ምን ላድርግ?"

"ሰባት? በሚቀጥለው ስድስት አደርገዋለሁ!"

ሽማግሌው በሳቅ ጉልበቱን መታ። "አልሃምዱሊላህ፣ ሰዓት አገኘን! የኔን ከባቡሩ ጋር ጡረታ አስወጥቼው ነበር።"

እንዲህ ሆኜ የልጄ ሰዓት ሆንኩልሽ። ሰው ሲሰማ፣ ለምን ስልክ አልተዋሳችሁም ይለኛል። ማን አሰበው! የኔ ስልክ ከመደወል ሌላ የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እሷም ቁጥሬን ለምዳዋለች። በየእሑዱ ወንዙ ዳር ግንቡ ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀጥሎ በአንድ ዓይኔ፣ በኋላ በሁለቱም። ስትታጠፍ ጉልበቷ አሸዋውን ሊነካ ሲደርስ አየሁና ቤት ገብቼ ከባጃጅ ወንበር የተረፈኝን ቆዳ በስፖንጅ ደርቤ ሱሪዋ ጉልበት ላይ ሰፋሁላት። የተረፈኝ ቀይ ብቻ ነበር። ያን ለብሳ ስትበር ሁለት ቀይ ነገር አሸዋው ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ፈራሁ ስልሽ፣ ደስም ይለኝ ነበር። እሑድ እስኪደርስ ይጨንቀኝ ጀመር።

ቁጥሩ ግን አልወረደም። ካርቡረተሩን ቀየረች፣ ሰባት። ሰንሰለቱን አሳጠረች፣ ሰባት። ሽማግሌው "ሱታ፣ ሱታ" ይላታል፣ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለቱ ነው። እሷ ወይ ፍንክች። ትበራለች፣ ትመጣለች፣ "ስንት?" ትላለች፤ "ሰባት" እላለሁ፤ አንገቷን ትደፋለች።

በኋላ አዲስ አበባ ውድድር እንዳለ ሰማች። ክለብ የሌለውም በራሱ ወጪ መግባት ይችላል ተባለ። ፍርሃቴ ሁሉ ተመልሶ መጣ። እዚያ በርሜል ብቻዋን አይደለም የምትዞረው፤ ከነዚያ ሁሉ ወንዶች ጋር ተጋፍታ ነው።

"ስምምነት እናድርግ" አልኳት። "ከመሄድሽ በፊት ባለው እሑድ ስድስት ካመጣሽ ትሄጃለሽ። ሰባት ከሆነ ሞተሩን ትሸጪዋለሽ፤ ነገሩ ሁለተኛም አይነሳም።"

"እሺ" አለች። ቃሏን እንደማታጥፍ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ያልኳት።

ያ እሑድ! ሽማግሌው ኩፊያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ሞተሩ ሲነሳ ግንቡ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። እንደዚያን ቀን ስትነዳ አይቻት አላውቅም። በርሜሉ ጋ ስትታጠፍ የኋላ ጎማው ሸሸ፣ ወደቀች ስል ቀና አለች፣ እንደገና በረረች። ቆሜ ነበር የምጸልየው። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፤ ሰባተኛውን "አሜን" ስል ድልድዩ ሥር ደረሰች።

ሰባት። አሸነፍኩ።

ሄልሜቷን ሳታወልቅ መጣች። "ስንት?" አላለችም። ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ፣ ጓንቷን አንድ በአንድ አውልቃ ሞተሩ ወንበር ላይ አስቀመጠችና በዚያ በሰማያዊ ጣቷ የቤንዚን ታንከሩን ዳበስ ዳበስ አደረገችው። የተኛ ሕፃን ነው የሚዳበሰው እንደዚያ።

"ስድስት" አልኩ።

"ምን?"

"ስድስት ነው አልኩሽ! ሰባተኛውን ሳልጀምር ደረስሽ።"

ጩኸቷን ድልድዩ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ሽማግሌው እኔን አየኝና ኩፊያውን ጭንቅላቱ ላይ መለሰ። እኔ ደግሞ፣ ቁርባን የምቀበል ሴትዮ፣ በአባታችን ሆይ ዋሸሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላልኝ አለ።

አዲስ አበባ የገባነው ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ነው፤ ሞተሩ በጆንያ መሃል፣ እኛ ጋቢና። ሜዳው ላይ ባለ ክለቦቹ በየድንኳናቸው ተሰልፈዋል። እኛ ሽንኩርት ሽንኩርት እንሸታለን። አንዱ ጎረምሳ፣ ቆንጆ ልብስ የለበሰ፣

"ከድሬ ሽንኩርት ልትሸጪ ነው የመጣሽው?" አላት።

"አዎ፣ ላስለቅስህ" አለችው።

ሲለቀቁ አቧራው ውጧት ጠፋችብኝ። ሜዳውን የከለለውን ገመድ ጨብጬ ቆጠራም ጠፍቶኝ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ሌላ እጀምራለሁ። አቧራው ገለጥ ሲል ቀይ ነገር ታየኝ። ፊት! ፊት ናት! ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ ስሟን ረስቶት "ባለ ቀይ ጉልበቷ! ባለ ቀይ ጉልበቷ!" እያለ ሲጮህ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች እየተቃቀፍኩ እጮህ ነበር። ሁለተኛ ወጣች። ያ ጎረምሳ ከኋላዋ ቀርቶ አምስተኛ ነው።

ሰዓት የያዘው ዳኛ መጥቶ "ማን ነው ያሠለጠነሽ?" አላት። ወደኔ ጠቆመች። ጫማዬን አየሁ።

ስንመለስ አዋሽን አልፈን፣ ሙቀቱ በመስኮት እየገባ፣ ልጄ የሹፌሩን ስልክ ተዋሰች። ሰከንድ የሚቆጥር ነገር አለው።

"እማ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አባታችን ሆይ በይልኝ።"

አልኩላት። ሠላሳ ሰከንድ።

"አሁን ደግሞ እኔ ሞተር ላይ ነኝ። በርሜሉ ጋ ደረስኩ፣ ጎማው ሸሸ፣ እማ ልወድቅ ነው!" አለችና በአፏ ማጓራት ጀመረች። ሹፌሩም ነገሩ ገብቶት ነዳጁን ረገጠ፤ አይሱዙው ጮኸ። ምላሴ ብቻውን ሮጠ።

"አሥራ አራት!" ብላ ጭኔን መታችው። "ሹፌር፣ አየህ? ግማሽ! እኔ በፈጠንኩ ቁጥር እሷ ስትፈጥን! ከሞተር ጋር መሰለኝ እንጂ ከእማዬ ፍርሃት ጋር ነው ስወዳደር የከረምኩት!"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ሹፌሩም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን ያን እሑድ ያስባል። ስድስት ብዬ ዋሸሁ ስል፣ ለካ በደህና ልብ ብቆጥር አራትም አይሞላም። ይሄን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አሁን ኬንያ ናት። በሥራ ቀን ጋራዥ ትሠራለች፣ ጎማዋን ዛሬም በራሷ ነው የምትገዛው፤ ግን ፈቃድ አውጥታ፣ ስሟ ልብሷ ላይ ተጽፎ ነው የምትወዳደረው። እዚያ የሰከንድ ሽርፍራፊ የሚቆጥር ማሽን አላቸው አለችኝ። ከመነሳቷ በፊት ትደውላለች። "እማ፣ ልገባ ነው" ትላለች። ስትወጣም ትደውላለች። ስንት ብላ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።

አሸዋውን ጠብ ሳላደርግ ሄልሜቱ ውስጥ መልሼ ጨመርኩትና ሰቀልኩት። ወደ መርፌዬ ልመለስ ስል በበራፌ አንድ ሞተር አለፈ። አባታችን ሆይ አልኩ።

ቀስ ብዬ ነበር የጀመርኩት።