በኦቦ ደበላ ዓይን ላይ የዋሸሁት

ይህን ጽፌ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ስለ ሚዛኔ ነግሬያቸዋለሁ፣ ስለ መጠጡ ነግሬያቸዋለሁ፣ ረቡዕ ቀን መናኸሪያ አጠገብ ተደብቄ ስለበላሁት ጥብስም ነግሬያቸዋለሁ። ስግደቴን ተቀብዬ ቀለል ብሎኝ እወጣለሁ። ይቺን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ሥር አስቀራት ነበር። ለምን? ሌላው ኃጢአቴ የነጋዴ ኃጢአት ነው፤ ቢጤዎቼ ሁሉ ይሠሩታል፣ ከብዙ ሰው ጋር ሆኜ የምጠየቅበት ነው። ይቺ ግን የእኔ የብቻዬ ናት።

እኔ የአንድ ሰው ዓይን ወስጃለሁ። ደህና የነበረ ዓይን ሞቷል ብዬ ባለቤቱን አሳምኛለሁ። እናንተ የምታነቡት ፍረዱ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

አምቦ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የእጅ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ቻርጀር፣ ጓጉንቸር እሸጣለሁ፤ አንዳንዴም ከገጠር ድንች ጭኜ በሚዛን እቸረችራለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት ከመርካቶ ካመጣሁት ዕቃ ጋር ሁለት የጠመንጃ መነጽር መጣ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። አንዷ አጭር ናት፤ የሩቁን አራት እጥፍ ታቀርባለች፣ በቃ። ሌላው ክንድ የሚያህል ነው፤ የሚዞር ቀለበት አለው፣ ከስድስት ጀምሮ እስከ ሃያ አራት እጥፍ ያቀርባል።

አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ እችል ነበር። አውቅ ነበር። ሱቄ በረንዳ ላይ እየተቀመጠ የሚያወጋኝ ጡረታ የወጣ ወታደር አለ፤ ሁለቱንም አንስቶ አገላብጦ አያቸው።

«ለአደን አራቷ ትበቃለች» አለኝ። «ከርከሮ የምትተኩሰው መቶ እርምጃ ላይ ነው፤ ያውም ሲነጋጋ ወይ ሲመሻሽ። አራቷ ሰፊ ቦታ ታሳያለች፣ ብርሃን ታስገባለች፣ እጅህ ቢንቀጠቀጥም ትችልሃለች።»

«ሃያ አራቱስ?»

«እሱማ በጠራራ ፀሐይ በሆድህ ተኝተህ፣ ጠመንጃህን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ደግፈህ፣ ወረቀት ላይ ያለች ነጥብ ስትመታ ነው። ያውም ጥሩ ሥራ ከሆነ። ይሄን ርካሹን ሃያ አራት ላይ ካደረስከው የሚያሳይህ ጉም ነው።»

እሱን ብቻ አምኜ አልተቀመጥኩም፤ ሞከርኩት። ሱቄ በር ላይ ቆሜ ማዶ ያለውን ኮረብታ አየሁ። ሃያ አራቱ ላይ ባሕር ዛፉን ለማግኘት ራሱ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ፤ ሳገኘውም እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል። ልቤ በመታ ቁጥር ኮረብታው ይዘላል። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ደግሞ ጭራሽ ጠቆረ። በአራቷ ግን ዛፉም፣ ዛፉ ሥር የቆመችው ላምም፣ ላሟን የምትነዳው ሴትም በአንድ ላይ ታዩኝ።

እንግዲህ አውቅ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ኦቦ ደበላ ከጎጆ ከተማ ወደ ላይ፣ ብርዱ ላይ፣ ገብስና ድንች የሚያርሱ ሃምሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ፈቃድ ያለው አሮጌ ጠመንጃ አላቸው። እዚያ ከርከሮ ከጫካ ወጥቶ የድንች ማሳ ከገባ አርሶ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሰፈሩ ማሳው መሀል ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ሠርቶ በተራ ይጠብቃል። ከርከሮ ታየ ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት ኦቦ ደበላ ነበሩ። በበዓል ቀን ወንዶቹ ነጭ ድንጋይ አቁመው ዒላማ ሲተኩሱ ደግሞ እሳቸውን መጨረሻ ያደርጓቸዋል፤ እሳቸው ከተኮሱ በኋላ ድንጋይ ስለማይኖር።

አንድ ቀን ሱቄ መጡ። ሁለቱን መነጽር በሁለት እጃቸው ይዘው የትኛው እንደሚሻል ጠየቁኝ። ረጅሙ ስምንት ወር መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲበላ ከርሟል። አጭሯ ዛሬም ባይሆን ነገ የሚወስዳት አታጣም።

«ኦቦ ደበላ፣ አራትና ሃያ አራት ምን ያወዳድራቸዋል?» አልኩ። «አራቷ የልጅ መጫወቻ ናት። ይሄ የከርከሮውን ጥርስ ያሳይዎታል።»

«የከርከሮ ጥርስ አይቼ ምን ላደርግ?» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው ጎኑን ነው።»

ሳቅኩ። «ጎኑንም ያሳያል» አልኩ። በር የሚሠራ በያጅ ዘንድም ራሴ ወሰድኳቸው። ጠመንጃው ላይ ማሰሪያ ብረት በየደላቸው፤ የድሮው ማነጣጠሪያ ከብረቱ ሥር ተደብቆ ቀረ።

በወሩ ተመልሰው መጡ።

«ታዴ፣ ይሄ ነገር አልሆነኝም» አሉ። «ከርከሮውን አላገኘውም። ባገኘውም ጥቁር ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥቋጦ ይሁን ፀጉር አይለይም። ሦስቴ ሳትኩ። እኔ!»

አራቷ ገና አልተሸጠችም ነበር። ከራሴ በላይ መደርደሪያው ላይ ነበረች። እጄን ዘርግቼ ማውረድ ብቻ ነበር፤ «ተሳስቻለሁ፣ ይቺን ይውሰዱ» ማለት ብቻ። አላወረድኳትም። ረጅሙ ተመልሶ አቧራውን ሲበላ ታየኝ። እናም አፌን ከፍቼ «ኦቦ ደበላ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?» አልኩ።

ዕድሜያቸውን መጠየቄ ነበር በደሉ። ቀጥሎ ያልኩት ትርፍ ነው። «መነጽሩ ደህና ነው፤ ዓይንዎ ነው የደከመው» አልኳቸው። በር ላይ ወጥተው ኮረብታውን ትንሽ አዩና ሄዱ።

እዚህ ላይ ብቻ ቢያበቃ፣ በችኮላ ያመለጠኝ ውሸት ነው እል ነበር። አላበቃም። በሁለተኛው ሳምንት እየሳቁ መጡ። ሆስፒታል ሄደው ዓይናቸውን አስመርምረዋል። «ሹካ የምትመስለዋን ምልክት አፏ ወዴት እንደዞረ እስከ መጨረሻዋ ትንሿ ድረስ ለመርማሪዋ ነገርኳት፤ ‹አባቴ፣ ዓይንዎ የወጣት ነው› አለችኝ» አሉ። ደስታቸው ሱቋን ሞላት። እና እኔ ምን አልኩ?

«የሆስፒታሉ ምልክት ስድስት እርምጃ ላይ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው ያለው። አይሸሽም፣ ጫካ አይገባም። የእርስዎ የጠፋው የሩቁ ዓይን ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ተምራ፣ ነጭ ለብሳ፣ መርምራ የነገረቻቸውን ትተው እኔን አመኑ። ለምን? ከዓመታት በፊት የሸጥኩላቸው ሬዲዮ አሁንም ይሠራል። በአንድ ደህና ሬዲዮ ያገኘሁትን እምነት በዚህ ጨረስኩት።

ጠመንጃውን ለወንድማቸው ለቱፋ ሰጡ። ቱፋም በዚያ መነጽር አንድ ከርከሮ አልመታም፤ ግን ቱፋ ድሮም አይመታም፣ ስለዚህ ማንም ዕቃውን አልጠረጠረም። ይህን ሁሉ ከሰው እየሰማሁ ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ድንች ልጭን ጎጆ ወጣሁ። ኦቦ ደበላን መንገድ ዳር የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አካም ጅርቱ» ተባብለን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰፈሩ ከማማው ተራ እንዳስወጣቸው ነገሩኝ። ከጫካው ሥር ያለውን ማሳ፣ ከአባታቸው የወረሱትን፣ ልጠብቀው አልችልም ብለው ለሌላ ሰው የእኩል ሰጥተውታል። «በበዓል ደግሞ ሥራ አግኝቻለሁ» አሉ፤ «የተኳሾቹን ጋቢ እይዛለሁ።» አልሳቁም፣ እኔም አልሳቅኩም።

ከዚያ አገጫቸውን ወደ ማዶው ተራራ ቀና አድርገው «ያቺ የምታነክሰው የቱፋ በግ ዛሬም ከመንጋው ቀረች» አሉ።

አየሁ። ተራራ አየሁ። በግ የሚባል ነገር የለም፤ ነጭ ነጥብ እንኳ የለም።

«የቷ?» አልኩ።

«ከግራሯ በስተግራ። አሁን ተኛች።» ከዚያ ደግሞ በረጋ ድምፅ፣ ስለ ሌላ ሰው ዓይን እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ምን ዋጋ አለው፣ የእኔ ዓይን ሞቷል» አሉ።

ያኔ ነገርኳቸው። ወታደሩን፣ ኮረብታውን፣ መደርደሪያ ላይ የነበረችውን አራቷን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ዱላቸውን ነበር የማየው።

«አራቷስ የት ደረሰች?» አሉ።

«አንድ የአዲስ ዓለም ሰው ወሰዳት።»

«መታባት?»

«ደውሎ አመስግኖኛል።»

ይህን እንኳ አልዋሸሁም። እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ እያለቀሱ ይሁን እየፈተሹት አላወቅኩም። ከዚያ ተነሱ።

«ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ ምን ላደርገው? ከተራው ያወጣኝ ሰፈሩ ነው። ና።»

በማሳው መሀል ወስደው ማማው ሥር አቆሙኝ። ከርከሮ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ከማዶ ማዶ የሚጠራራው ከዚያ ነው። «ውጣ» አሉኝ። «በኦሮምኛ፣ ጮክ ብለህ።»

ወጣሁ። ሃያ ዓመት ሱቅ በር ላይ ደንበኛ የጠራሁበት ድምፅ ጠፋኝ። «የደበላ ዓይን ደህና ነው!» አልኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ከርከሮ እንኳ በዚህ አይደነግጥም» አሉ ከታች።

ደገምኩት። «የደበላ ዓይን ደህና ነው! መነጽሩ ነው መጥፎ! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ከማዶ አንድ ድምፅ መጣ፦ «አቲ ኤኙ?» አንተ ማን ነህ ማለቱ ነው።

ወገኖቼ፣ በደሌን ጮኬ መናገር ቻልኩ፤ ስሜን ግን ከምላሴ ሥር አስቀረሁት። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅኩት ድርጊቱን አልነበረም። «ታደሰ!» አልኩ በመጨረሻ። «የአምቦው ባትሪ ነጋዴ! አውቄ ነው የዋሸሁት!»

ሸለቆው በሳቅ ተሞላ፤ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲቀባበሉት ይሰማኛል፣ ውሻ ይጮኻል። አንዱ ደግሞ «ባትሪህም ቶሎ ይጨልማል!» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው።

ጎጆ ከተማ ያለ በያጅ ያን ብረት ከጠመንጃው ላይ ቆርጦ አነሳው። ኦቦ ደበላ ወደ ተራቸው ተመልሰዋል፤ ነጩ ድንጋይም ዕድሜው እንደገና አጥሯል ይባላል። ቀሎኛል፤ አልዋሽም፣ እንደዚህ ቀሎኝ አያውቅም። ግን እኔ ቀለለኝ ማለት እሳቸው ስድስቱን ዓመት አገኙት ማለት አይደለም። ማሳው ገና በሰው እጅ ነው። ደሃ ነበርኩ፣ ገበያ ጠፍቶ ነበር አልልም። እጄ ይደርስ ነበር፤ አልዘረጋሁትም። ለንስሐ አባቴም ሄጄ ልክ እንዲህ ነው የምነግራቸው፣ ስግደቱንም እሳቸው ያብዙት።

ያን ዕለት ከማማው ወርጄ ማዶውን ዞሬ አየሁ፤ ጭስና ባሕር ዛፍ እንጂ ሰው አይታየኝም።

«ማን ነው የሰማኝ?» አልኳቸው።

ኦቦ ደበላ መሰላሉን እንደተደገፉ ማዶውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ጣታቸውን እየቀሰሩ፣ ማን በሩ ላይ እንደቆመ፣ ማን ሞፈር እንደያዘ፣ የትኛዋ ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ እንደምትስቅ፣ ሳይቸኩሉ አንድ በአንድ በየስማቸው ነገሩኝ።